ድስቱ ከፈላ በኋላ እሳቱ ምን ይሠራል?

እኅታችን «ቦሎቄና ሽንብራ ለመቀቀል የኤሌክትሪክ ምድጃዬ ግማሽ ቀን ይበራል፤ ድስቱን አፍልቶ በብርድ ልብስ መጠቅለል ያበስለዋል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ? ምግቡስ አይበላሽም?» ብለው ለጠየቁት፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም በሚገኘው ቤታችን ለዓመታት ስንገለገልበት ከቆየነው በመነሣት ልመልስ። ነገሩ እውነት ነው፤ ሆኖም ለሁሉም ምግብ አይሆንም፣ ለቦሎቄ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ውኃ አንዴ ከፈላ የቱንም ያህል እሳት ቢጨመርበት ከዚያ በላይ አይሞቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ እዚህ ጥራጥሬ ከቆላው አገር ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከፈላ በኋላ የምድጃው ሥራ በድስቱ ጎንና በክዳኑ የሚያመልጠውን ሙቀት መተካት ብቻ ይሆናል። አንድ ሊትር የቧንቧ ውኃ ለማፍላት 310 ኪሎጁል ገደማ ሲበቃ፣ ያንኑ ሊትር ወደ እንፋሎት ለውጦ ለመጨረስ ግን ከ2,200 ኪሎጁል በላይ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከድስቱ እየተነሣ ወጥ ቤቱን የሚሞላው እንፋሎት የከፈልንበት ኤሌክትሪክ ነው። ጋቢ የራሱ ሙቀት ሳይኖረው የለባሹን ሙቀት ይዞ እንደሚያሞቅ ሁሉ፣ ጥሩ መጠቅለያም የድስቱን ሙቀት ይይዝና ማብሰሉን ያለ እሳት ያስቀጥላል። ዘዴው የዛሬም አይደለም፤ በ1867 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የፓሪስ ኤግዚቢሽን ከኖርዌይ የመጣ የዚህ ዓይነት ማብሰያ ቀርቦ ነበር፣ በዓለም ጦርነቶቹ ዘመንም እንግሊዞች የደረቀ ሣር በሞላበት ሣጥን ያበስሉ ነበር።

ብርድ ልብስ ብቻውን ይሠራል፣ ግን ሣጥን ይሻላል። ድስቱን ውጦ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ጋት ያህል ክፍተት የሚተው ካርቶን ይፈልጉና ክፍተቱን ስፖንጅ፣ ጥጥ ወይም አሮጌ ልብስ ይሙሉበት። የስፖንጅ ቁርጥራጭ ከሶፋ ሠሪዎች ዘንድ አይጠፋም፤ ካርቶኑና አሮጌው ብርድ ልብስ ደግሞ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይገኛል። የጤፍ ጭድም ሙቀት ይይዛል፤ ነገር ግን ብናኙ ለፎቅ ቤት አይመችም፣ እርጥበት ሲነካውም ስለሚሸት እኔ አልመርጠውም። ከድስቱ ሥር ወፍራም ጨርቅ፣ ከላይ ደግሞ ክዳኑ ላይ ግጥም የሚል ትራስ ያድርጉ፤ ብዙ ሰው ጎን ጎኑን ጠቅልሎ ላዩን ችላ ይላል፣ ሙቀቱ ግን በላይ በኩል ነው የሚያመልጠው። ድስቱ ጆሮው አጭር፣ ክዳኑም የሚገጥም ቢሆን መልካም ነው። ቢያንስ ሦስት አራተኛው መሞላት አለበት፤ ጥቂት ምግብ ቶሎ ይቀዘቅዛልና ለሁለት ሰው እራት ብቻ ሣጥኑን ማውጣት አያዋጣም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ክዳኑ ሳይነሣ የምግቡ እምብርት ድረስ ሙቀቱ እንዲዘልቅ አንተክትከው ወዲያውኑ ወደ ሣጥኑ ያስገቡት። ለምስር 5፣ ለአተር ክክ 10 ደቂቃ መንተክተክ ይበቃል፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ በሣጥኑ ይቆያሉ። ውኃው ስለማይተን ከለመዱት አንድ አራተኛ ያህል ይቀንሱ። በመሐል «በስሎ ይሆን?» እያሉ መክፈት ሥራውን ያበላሻል።

ሽንብራና ባቄላ ሌሊቱን ተዘፍዝፈው ካደሩ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ተንተክትከው ለአራት ወይም ለአምስት ሰዓት በሣጥኑ ይቀመጣሉ። የእኛ ውኃ ከ92 ዲግሪ ስለሚነሣ መሐል ላይ አንድ ጊዜ አውጥቶ ዳግም ማፍላት ግድ ነው። ቲማቲምና ሎሚ ጥራጥሬን ስለሚያጠነክሩ ከለሰለሰ በኋላ ይግቡ። ቀይ ቦሎቄን በተመለከተ ግን አደራ እላለሁ፦ ጥሬው ቦሎቄ ክፉኛ የሚያስመልስ ተፈጥሯዊ መርዝ አለው፣ ይህም በዝግታ ሙቀት ብቻ አይጠፋም። ስለዚህ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ደፍተው በአዲስ ውኃ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እየተንፈቀፈቀ ይፍላ፤ ሣጥኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፕሬሸር ኩከር ካለዎት ደግሞ ይበልጥ ይቀልልዎታል፤ በግፊቱ ምክንያት ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ፣ ግፊቱን ሳያስወጡ ወደ ሣጥን ቢያስገቡት መሐል ላይ ዳግም ማፍላቱ ላያስፈልግ ይችላል።

ሂሳቡን ካነሣን፣ 1,000 ዋት የሚስብ ምድጃ ሦስት ሰዓት ሲበራ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ሦስት ሊትር የያዘ ድስት አፍልቶ ግማሽ ሰዓት ለማንተክተክ ግን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል፣ የመሐሉ ማፍላት ቢታከልበትም ከግማሽ በታች ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ማብሰሉ አለመቋረጡ ደግሞ በቆጣሪ አይለካም።

እንጀራ፣ ዳቦና ቁሌት የሣጥን ሥራ አይደሉም። ዶሮ ወጥንም አልመክርም፤ ወጥ የሚወፍረው ውኃው እየተነነ ስለሆነ በሣጥን የተቀመጠ ቀጥኖ ይወጣል። ለምስር ወጥ እኔ የማደርገው፣ ምስሩን በሣጥን አብስዬ ቁሌቱን ለብቻው በምድጃ ላይ መሥራትና በመጨረሻ ማዋሐድ ነው። በከሰል ለሚያበስሉ ደግሞ፣ ከሰል እንደ ኤሌክትሪክ ስለማይጠፋ ቁጠባው የሚገኘው ከመጀመሪያው ጥቂት ከሰል በማቀጣጠል፣ ወይም አንዱ ድስት ሲነሣ ሌላውን በመጣድ ነው። ከምድጃው የተነሣው ድስት ሥሩ ላይ ፍም እንዳይኖር ይጥረጉት፤ ስፖንጅ በቀላሉ ይቀጣጠላል።

ይበላሻል ወይ ላሉት፣ ምግቡ ከ60 ዲግሪ በላይ እስካለ ድረስ ጀርም አይራባበትም፤ አደጋው ለብ ብሎ ሲያድር ነው። ስለዚህ ሣጥኑን ለማሳደሪያ አይጠቀሙበት። ሲከፍቱት ድስቱ እጅ የማያስነካ ትኩስ ካልሆነ ወዲያውኑ ያፍሉት፤ ለሰዓታት ለብ ብሎ የቆየ ሥጋ ከሆነ ግን ማፍላቱም ስለማያድነው ይደፋ። ሥጋ ሲያስገቡም በትንንሹ የተከተፈ ይሁን፣ ከማቅረብዎ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ እንደገና ያፍሉት።