«መንግሥት ይመልስልሃል» ስለተባለው ብር፣ እዚያም እዚህም

ትናንት የለጠፍሽውን ጥያቄ ሁለቴ አነበብኩት። ወንድምሽ ሜሪላንድ ቤት ገዝቷል። «ሂት ፓምፕ (ቤት የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም ማሽን) አስገባ፣ መንግሥት 2,000 ዶላር ይመልስልሃል» ብለውታል። አንቺ ደግሞ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ቤት እየሠራሽ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ድሬም አለ ወይ ነው ያልሽው። እኔ ሁለቱም አገር ቤት ይዤ ስላየሁት ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። የድሬ ልጅ ስለሆንሽ አንቱ አልልሽም፣ ካስቀየምኩሽ አቦ ይቅርታ።

መጀመሪያ የወንድምሽን። የሰማው ውሸት አይደለም፣ ጊዜው ያለፈበት ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት 2022 የወጣው ሕግ ለሂት ፓምፕ ካወጣኸው 30 በመቶውን፣ በዓመት እስከ 2,000 ዶላር፣ ከታክስህ ላይ ያስቀንስልህ ነበር። ለጣሪያ ሙቀት መከላከያ፣ ለመስኮትና ለበር ደግሞ እስከ 1,200። በጁላይ 2025 የወጣው ሌላ ሕግ ይህን ዘጋው። እስከ ዲሴምበር 31፣ 2025 ተገጥሞ ያለቀ ካልሆነ አይቆጠርም። ቤቱ ላይ በራሱ ገንዘብ ለሚያስተክለው ሶላር የነበረው 30 በመቶም በዚያው ቀን አብቅቷል። ስለዚህ ዛሬ «2,000 ይመለስልሃል» የሚለው ሻጭ የድሮ ወረቀት ይዞ ነው የሚዞረው። በ2025 አስገጥሞ ከሆነ ግን የዚያን ዓመት ታክሱን ሲሞላ ቅናሹ የሚጠየቅበትን ፎርም 5695ን አይርሳ።

እኔ በ2023 ነው ያስገባሁት፣ ሕጉ በደንብ በሚሠራበት ጊዜ። ያኔም ቢሆን ተበልቻለሁ። ፓርኪንግ ነበር የምሠራው፣ ባለቤቴ ታማ ቤት ስለዋለች የአንድ ሰው ደሞዝ ነው የገባው። ኮንትራክተሩ ሳሎኔ ተቀምጦ ቡናዬን እየጠጣ «2,000ው እጅህ ላይ ነው» አለኝ። 9,000 ዶላር ከፈልኩ። ታክስ ስሞላ የዓመቱ የገቢ ታክሴ በጠቅላላ 1,340 ሆኖ ተገኘ። ክሬዲቱ፣ ማለትም የታክስ ቅናሹ፣ ያለብህን ታክስ ዜሮ ድረስ ይበላልሃል እንጂ ከዜሮ በታች ወርዶ ብር አይሰጥህም። የተረፈው 660 ዶላር ወደሚቀጥለው ዓመትም አይተላለፍም። የሶላሩ ይተላለፍ ነበር፣ የሂት ፓምፑ አይተላለፍም። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፣ እውነቱን ለመናገር።

በማግስቱ ዓመት ጣሪያው ሥር ያንን ጥጥ የሚመስለውን መከላከያ አስነፋሁ። 1,800 ዶላር። ደረሰኙ አንድ መስመር ነው፦ «የጣሪያ ሥራ፣ 1,800»። ለካ ለመከላከያ የሚቆጠረው የዕቃው ዋጋ ብቻ ነው፣ የሠራተኛው ጉልበት አይቆጠርም። ዕቃውን ለብቻ፣ ጉልበቱን ለብቻ ጽፈው እንዲሰጡኝ ሦስት ሳምንት ስልክ ደወልኩ። በመጨረሻ ዕቃው 700 ሆኖ መጣ። 30 በመቶው 210 ዶላር ነው። ለ210 ዶላር ስንት ደቂቃ ሙዚቃ እያደመጥኩ እንደጠበቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ለወንድምሽ የቀረው ምንድነው? አንደኛው የመብራት ድርጅቶቹ ሪቤት፣ ማለትም ተመላሽ ብር፣ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ኤምፓወር የሚባል ፕሮግራም አለ። ብሩ ከደንበኞች ቢል ላይ ስለሚሰበሰብ ወንድምሽ በየወሩ እየከፈለበት ነው፣ ካልተጠቀመበት ለጎረቤቱ እየከፈለ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ገቢያቸው ዝቅ ላለና መካከለኛ ለሆነ ሰዎች በስቴቶች በኩል የሚሰጠው ሪቤት ነው፤ ለሂት ፓምፕ እስከ 8,000 ዶላር ይደርሳል። ገንዘቡ ያለው ስቴትም አለ፣ የጨረሰም አለ። ይሄኛው ተገዝቶ ላለቀ ዕቃ አይሰጥም። መጀመሪያ ማመልከት፣ መፈቀዱን ማየት፣ ከዚያ መፈረም። ቅደም ተከተሉን ካጠፋ አበቃ።

ወደ ድሬ እንምጣ።

ጣሪያሽን ስላሻሻልሽ ብር የሚመልስልሽ ቢሮ እኔ አላገኘሁም። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. አካባቢ አሮጌ አምፖል ተቀብለው በነፃ ቆጣቢ አምፖል ይሰጡ ነበር። እናቴ ስምንት ቀይራ ሁለቱን ለእንግዳ ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቃለች፣ አሁንም አሉ። ዛሬ እጅሽ ላይ ያለው ማበረታቻ የመብራት ታሪፉ እርከን ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው ታሪፍ፣ የአራት ዓመቱ ጭማሪ ሲያልቅ፣ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለአንዱ 27 ሳንቲም ገደማ ሲከፍል ከ500 በላይ የሚጠቀመው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ይከፍል ነበር። ዘጠኝ እጥፍ በይው። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፣ በተጠቀምሽ ቁጥር ውድ የሚሆንበት አሠራር ግን ያው ነው።

እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ላይ ነው። ከግቢው ጀርባ ሁለት ሰርቪስ ክፍል አከራይቻለሁ፣ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። የሦስት ቤት ፍሪጅ፣ የሦስት ቤት ምጣድ በአንድ ቆጣሪ። ለየብቻ ብንሆን ሁላችንም ታች እርከን ላይ ነበርን። ተደምረን ላይ ወጣን። ቢሉ ሲመጣ ተከራዩ እኔን ያያል፣ እኔ ተከራዩን አያለሁ። ሰርቪስ የምትሠሪ ከሆነ ግንቡ ሳያልቅ የየብቻ ቆጣሪ ጠይቂ። ምጣድ ደግሞ ብቻውን ከሦስት ኪሎዋት በላይ የሚጎትት ዕቃ ነው። ሊጡ ሳይደርስ ሰክተው ወሬ የሚጀምሩ ሰዎች አሉ፣ ስም አልጠራም፣ ቤቴ ውስጥ ናቸው።

ትልቁ ግን ጣሪያው ነው። ቤቴን ስገነባ ብር ለመቆጠብ ኮርኒሱን ዝቅ አድርጌ፣ ቆርቆሮው ሥር ምንም ሳላስገባ በችፑድ አስመታሁት። ግንቦት ሲገባ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ወንበር ላይ ወጥቼ ኮርኒሱን በመዳፌ ነካሁት። ከብረት ድስት ክዳን አይለይም ነበር። ቁም ሳጥኑ ላይ ያስቀመጥነው ሻማ ጎብጦ አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቷል። ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ከዚያ ጣሪያ ጋር ነበር የሚታገለው። አሜሪካ ለዚህ ሥራ 210 ዶላር ያስቆረጥኩ ሰውዬ ራሴ ቤት ላይ ረሳሁት!

ያስተካከልኩት እንዲህ ነው። ቆርቆሮውን ነጭ ቀለም አስቀባሁት። በሁለቱም ጫፍ ከኮርኒሱ በላይ በሽቦ ወንፊት የተሸፈነ የአየር መውጫ አስከፈትኩ። የመኝታ ቤቶቹን ኮርኒስ አስነስቼ ላዩ ላይ መከላከያ አስዘረጋሁ። በምዕራብ በኩል ያለውን የኒም ዛፍ ልቆርጠው ነበር፣ ተውኩት። አሁን ሌሊት ላይ ቬንትሌተር ይበቃናል፣ ኤሲው የሚከፈተው ቀን እንግዳ ሲመጣ ነው። ከዚራ ሰፈር ያሉትን የባቡር ዘመን ቤቶች ገብተሽ እይ። ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ ነው፣ በረንዳቸው ሰፊ ነው፣ ደጃቸው ዛፍ ነው። እነዚያ ሰዎች ኤሲ አልነበራቸውም።

ነጩ ቀለም አቧራ ሲይዝ ስለሚደክም በዓመት አንዴ ማጠብ ይፈልጋል። ከሁሉም ርካሹ የአየር መውጫው ነው፣ ግንበኛው እዚያው እያለ ካስከፈትሽው ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል።

ቆርቆሮው ተመቷል? ኮርኒሱስ ከወለሉ ስንት ሜትር ነው? እሱን ጻፊልኝ።