ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣው ድብርት ለጠየቀችው እህት

እህቴ፣ ልጅሽ ክርስትና ከተነሣና እናትሽ ከደብረ ሲና ወደ መሐል ሜዳ ከተመለሱ ወዲህ ሕፃኑ ሲተኛ እንኳ እንቅልፍ እንደማይወስድሽ፣ ሳታስቢው እንባ እንደሚመጣብሽ ጽፈሻል፤ «ችግሬን ለማላውቀው ባለሙያ ብናገር ምን ይፈይዳል?» ብለሽም ጠይቀሻል። እኔም ደብረ ብርሃን ወልጄ በዚሁ ስላለፍሁ የማውቀውን እነግርሻለሁ።

ከወለዱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ገደማ የሚጀምር ሆደ ባሻነት አብዛኛዎቹን እናቶች ይነካል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም በራሱ ይለቃል። ያንቺ ግን ይህን አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከሚወልዱ ሴቶች 20 በመቶ የሚጠጉት በአእምሮ ሕመም፣ በተለይም በድብርት ይያዛሉ። በእኛ አገር አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ገንፎው፣ አጥሚቱና ጠያቂው አይቋረጥም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ከተነሡ በኋላ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ድብርቱ ደግሞ በአንደኛው ዓመት ውስጥ በማናቸውም ጊዜ ሊጀምር ይችላል፤ ብዙዎቻችን የምንታመመው ረዳት በሌለበት በዚህ ወቅት ይመስለኛል።

የሥነ ልቦና ሕክምና ሲባል «አይዞሽ፣ ቻይው» የሚባልበት ቦታ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያ ያለውን ምክር ከጎረቤትም አላጣሁትም። ባለሙያዋ ግን በመጀመሪያ ስላለፉት 7 ቀናት የሚጠይቁትን፣ በ1987 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣውን የኤድንብራ የወሊድ ድብርት መለኪያ 10 ጥያቄዎች አቀረበችልኝ፤ ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጡም የደም ምርመራ እንዳደርግ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው የምንነጋገረው ከመውለዴ ወዲህ ከማን ጋር እንደተራራቅሁ፣ ከባለቤቴ ጋር በምን እንደምንጋጭ ነበር። «አታግዘኝም» ከማለት ይልቅ «ከእራት በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ልጁን አንተ ያዘው፤ ለጡት ብቻ ቀስቅሰኝ» ብዬ እንድጠይቀው እዚያው አለማመደችኝ፤ በኋላም እርሱን ራሱን ጠርታ አነጋገረችው። በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ከገባሁበት ይልቅ ደክሜ ነበር የምወጣው፤ ቀድሞ የተስተካከለልኝ እንቅልፌ ሲሆን፣ ለልጄ ያለኝ ስሜት የተመለሰው ዘግይቶ ነው።

መድኃኒት የሚያስፈልጋቸውም አሉ። ሰርትራሊንን የመሰሉት የድብርት መድኃኒቶች እያጠቡ ሊወሰዱ ስለሚችሉ፣ ሐኪም ሳታማክሪ ጡት ማጥባቱንም ሆነ ክኒኑን አታቋርጪ። ጸበሉንም ተዪ የሚልሽ የለም፤ እኔ ሁለቱንም ይዤ ነበር፣ የንስሐ አባቴም አልተቃወሙኝም።

ባለቤትሽ «ያልፋል» ካለና ለብቻ ወጥቶ መሄዱ ከከበደሽ፣ ለልጁ የ14ኛ ሳምንት ክትባት ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ለነርሷ ንገሪያት፤ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሪፈር እንዲጻፍልሽም ጠይቂ። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማሽ፣ ወይም ራስሽን አለዚያም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሰው አስከትለሽ ወደ ሆስፒታል ሂጂ፣ እስከዚያም ብቻሽን አትሁኚ።

እናትሽንም ለጥቂት ሳምንታት ተመልሰው እንዲመጡ ለምኛቸው። ክርስትናው ስላለፈ ማስቸገር ነው ብለሽ አታፍሪ፤ ለቀጠሮው ስትሄጂ አብረውሽ ሄደው ልጁን ይይዙልሻል።