«ልጄም እንደ አባቱ ሊሆን ነው?»

ከባሕር ዳር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ባለቤትሽ ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ ነው። የመብራት ሂሳብ ይረሳል፤ ልጁን ከትምህርት ቤት እንዲያመጣ ተልኮ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ይዞት ይቀራል፤ ዶሮ እርባታ ጀምሮ ተወው፣ ንብ ማነብም እንዲሁ። ሰሞኑን ደግሞ የስምንት ዓመቱ ልጃችሁ ኤዲኤችዲ (ትኩረት ማጣት፣ መቅበጥበጥና ችኩልነት የሚታይበት የአእምሮ እድገት ሁኔታ) አለበት ተባለ። ሐኪሙ «አባቱስ በልጅነቱ እንዴት ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ አማትሽ «ያው እሱን ነበር፤ ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ። አንቺም «አንዱን መሸከም አቅቶኛል፤ ልጄም እንደ አባቱ ሊሆን ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ድካምሽ እውነት ነው። የቤቱን ቀጠሮ፣ ክፍያና ሰዓት ሁሉ ብቻሽን በልብሽ ይዘሽ መኖር ሰው ያዝላል። ስለ ባልሽ መልካም ነገር ብጽፍ ይህን ማቃለሌ አይደለም።

አማትሽ ስለ ዘር ያሉት ከሳይንሱ ብዙ አይርቅም። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በሰዎች መካከል በኤዲኤችዲ ረገድ ከሚታየው ልዩነት ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ከዘረ መል ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ አንቺ አበላሽተሽ አላሳደግሽውም፤ ልጁም እልከኛ ሆኖ አይደለም። ባልሽን በተመለከተ ግን በአንድ ጥያቄ ብቻ አለበት ማለት አይቻልም። አዋቂ ሰው ሲመረመር ምልክቶቹ ከ12 ዓመቱ በፊት መጀመራቸው ይጣራል፤ እዚህ ላይ የእናቱ ምስክርነት ትልቅ ዋጋ አለው።

በንዴት የጻፍሽው አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ፣ ሐይቁ መሃል ሞተሩ ጠፋ። ሰው ሲጮህ ባልሽ ካንዴላውን ፈትቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አሰረው፤ እጁ እየሠራ በአፉ «እማማ፣ አይዞዎት፣ አሁን ይነሳል» እያለ አሮጊቶቹን አረጋጋ፤ ሁሉንም በሰላም ዳር አደረሰ። የዚያኑ ዕለት ማታ ግን ጤፉን ሳያስፈጭ ባዶ እጁን ገባ። «ለሰው ሲሆን ቀልብ አለው፣ ለእኔ ሲሆን የለውም» አልሽ።

እኔ በሁለቱም ቦታ አንድ ሰው ነው የማየው። እንዲህ ያለ አእምሮ አስቸኳይ፣ አዲስ ወይም የሚወደው ነገር ሲገጥመው ይነቃል፤ ሲይዘው ደግሞ ከማንም በላይ አጥብቆ ይይዛል። አሰልቺና ጥቅሙ ሩቅ የሆነ ነገር ሲሆን ይደበዝዛል። ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል በዚህ ውስጥ ድርሻ እንዳለው ይታመናል። ወፍጮ ቤቱ የተረሳው አንቺን ንቆ አይደለም።

ከድንበራችን ማዶ፣ በሰሜን ኬንያ አሪያል በሚባሉ አርብቶ አደሮች ላይ የተሠራ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከዶፓሚን ጋር የተያያዘና ከኤዲኤችዲ ጋር ስሙ የሚነሳ አንድ የዘረ መል ዓይነት ያላቸው ወንዶች፣ ከብት እየነዱ ከሚዞሩት መካከል ሲሆኑ ከባልንጀሮቻቸው የተሻለ ሰውነት ነበራቸው። አንድ ቦታ ከሰፈሩት መካከል ሲሆኑ ግን ወደ መክሳት ያደሉ ነበሩ። አንድ ጥናት ብዙ አያስደፍርም፤ እኔ ግን ባልሽን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው። ሐይቁ ላይ የሚያበረታው ተፈጥሮ ወረቀትና ወረፋ ላይ ሲቀመጥ ይጎዳዋል።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ልጁ ነው። ሐኪም ቤት አብሮ ተቀምጦ የእሱና የአባቱ ነገር አንድ መሆኑን ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ «እንደ አባትህ» ብለሽ በተናደድሽ ቁጥር የራሱን ዕጣ እየነገርሽው ነው። ባልሽን ስለ ጤፉ መውቀስ መብትሽ ነው፤ ልጁ በሌለበት አድርጊው። የሞተሩን ታሪክ ደግሞ እራት ላይ አባቱ ይተርክለት፤ ካንዴላውን እንዴት እንደፈታው በእጁ ያሳየው። አባቱ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተገሰጸም ይንገረው።

ይህን ለባልሽ አንብቢለት፦ ወንድሜ፣ ተፈጥሮህ ነው ማለት ልጅህ ትምህርት ቤት በር ላይ ይጠብቅ ማለት አይደለም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሚጮህ ደወል ስልክህ ላይ ሙላ፤ ስታጠፋው ተነስተህ መሄድህ ይሁን። የመብራቱን ሂሳብ «በኋላ» አትበል፣ እንዳስታወስክ እዚያው በቴሌብር ክፈል። ማስታወሱ ከሚስትህ ትከሻ ወደ ስልክህ ይውረድ።

አንቺ ደግሞ ተንቀሳቅሶ የሚጨርሰውን ሥራ ስጪው፤ ቅዳሜ ገበያውን፣ የቤት ጥገናውን። ወረቀት የሚበዛውን አንቺ ያዢ። ፍትሐዊ የሚሆነው ግን እሱም በምላሹ አንድ ሙሉ የቤት ኃላፊነት ያለ አስታዋሽ ሲወስድ ነው።

ለልጁ በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ብቻ ስጡት፤ የቤት ሥራውን ከፋፍላችሁ በመሃል ይሩጥ፤ መምህሩ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጠው። ትምህርት በሌለበት ቀን የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለብሶ ከአባቱ ጋር ይሂድ፤ ተሳፋሪ ሲገባና ሲወርድ መቁጠር የእሱ ሥራ ይሁን።

ባልሽም በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይታይ፤ መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ እዚያ ይወሰናል። እናቱም አብረው ቢሄዱ መልካም ነው። ቀጠሮውን ግን እሱ ራሱ ይያዘው።