መልስ፦ ወደ ኋላ ሲነዳ መሪውን ወዴት ማዞር ነው?

ወንድሜ፣ «ወደ ኋላ ስነዳ መሪውን ወዴት እንደማዞር ይጠፋኛል፤ መኪናዋም ሁልጊዜ ጠማማ ሆና ትቆማለች» ብለሃል። የመኪናዋ ኋላ እንዲሄድ ወደምትፈልገው ጎን አዙር፤ ቀኝ ከሆነ ቀኝ፣ ግራ ከሆነ ግራ። ተገላቢጦሽ የሚሄደው አፍንጫዋ ነው፤ ኋላዋ ወደ ቀኝ ሲገባ ፊቷ ወደ ግራ ይወጣል። እኔ መንዳት በጀመርኩበት ወር የግቢያችንን የብረት በር የቧጨርኩት ኋላዬን ብቻ እያየሁ ነበር፤ ጭረቱ እስከ ዛሬ አለ።

በሁለት መኪኖች መካከል ለመግባት ከፊተኛው ጎን አንድ ሜትር ያህል ርቀህ፣ ኋላህን ከኋላው አስተካክለህ ቁም። በጣም በዝግታ እየተንቀሳቀስህ መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዙር። መኪናዋ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር 45 ዲግሪ ያህል ስትሠራ መሪውን አቅና፤ የፊት ቀኝ ጥግህ የፊተኛውን መኪና ሲያልፍ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ መልሰው።

ጠማማ ሆና የምትቀረው ምናልባት ጎማው ሳይቀና ስለምታቆም ነው። የብዙ መኪኖች መሪ ከጥግ እስከ ጥግ 3 ዙር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከጥግ አንድ ዙር ተኩል ስትመልስ ጎማው ይቀናል። ዙሩን ቁጠር። መኪናዋ ቆማ ሳለች ግን መሪ አታዙር፤ ጎማ ይበላል።

ካሜራ ቢኖርህም ስፖኪዮውንም ፊትህንም ማየት አትርሳ፤ የኋላ ካሜራ የፊት ጥግህን አያሳይህም። እሁድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ፈልገህ ጀሪካን እያቆምህ ተለማመድ። ጀሪካን ቢገጩት ካሳ አይጠይቅም።