«ልጄ 18 ሞላው፣ የወታደር ደብዳቤ መጣበት፤ ዝም ብንለው ይተውናል?» ላልሽው እህት (ስዊድን)

አይተዉም እህቴ። ልጁ የስዊድን ዜግነት ከወሰደ ግዴታውም አብሮ መጥቷል። ለደብዳቤው መልስ አለመስጠትም ሆነ ሲጠሩ መቅረት በቅጣት ገንዘብ፣ ሲከፋም በእስራት ያስጠይቃል።

1. ደብዳቤው የክተት ጥሪ አይደለም፣ መጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የቆመው የግዳጅ ውትድርና በ2018 ሲመለስ ሴቶችንም ጨምሮ ነው፤ ስለዚህ ታናሽ እህቱም ተራዋ ይደርሳል። በየዓመቱ ከ100 ሺህ በላይ ወጣቶች ይሞሉታል፣ ለምርመራ (ሞንስትሪንግ) የሚጠሩት ግን የተወሰኑት ብቻ ናቸው።

2. በባንክ አይዲው (በኢንተርኔት መታወቂያው) ገብቶ ራሱ ይሙላ። እናት አጠገቡ ቁጭ ብላ «ይህን አትንካ፣ ያንን አዎ በል» የምትልበት ቤት ብዙ ነው፤ መዘዙም ከዚያ ይጀምራል። «አስም አለብኝ ብለህ ጻፍ፣ ይለቁሃል» የሚል መካሪ በየቡና ቤቱ ሞልቷል። ያለበትን እውነቱን የመናገር ግዴታ በሕግ አለበት፤ ሕመም ያለ እንደሆነ ደግሞ የሐኪም ማስረጃ ይጠየቃል። ተቃራኒውም አለ፦ ውትድርናው ስለሚያምረው የለውዝ አለርጂውን የሚደብቅ ልጅ። ሜዳ ላይ ምግቡን የሚመርጠው እሱ አይደለም፣ ያኔ ጉዳዩ ወደ አምቡላንስ ይሄዳል።

3. ከተጠራ ምርመራው እስከ ሁለት ቀን ይፈጃል። የኮምፒውተር ፈተና (በስዊድንኛ ነው፣ ሰዓቱም አጭር ነው)፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ የጡንቻ ጉልበት፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ቃለ መጠይቅ። የብስክሌት ፈተናም አለ፣ ፔዳሉ ቀስ በቀስ እየከበደ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ላይ እንደ ሩጫ ውድድር የፈጠነ ልጅ መጨረሻውን አያየውም። ጉዞውን፣ ምግቡንና ማደሪያውን መንግሥት ይከፍላል። መታወቂያ፣ መነጽር ካለው መነጽሩን ከነሐኪም ማዘዣው ይያዝ።

4. መሣሪያ መያዝ ከእምነቱ ጋር የሚጣላ ከሆነ ቫፐንፍሪ (ያለ መሣሪያ) የሚባል ማመልከቻ አለ። «አልወድም» አይበቃም፤ እምነቱ ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ ይመዘናል። ተፈቀደለት ማለትም በነፃ ተሸኘ ማለት አይደለም፣ ወደ ሲቪል ግዴታ (ከውትድርና ውጭ ወዳለ አገልግሎት) ያዞሩታል።

ትምህርቱ ካላለቀ ማራዘሚያ መጠየቅ ይችላል፣ ከትምህርት ቤቱ ማስረጃ ጋር በጊዜው። ቤት ልትቀይሩ ከሆነ ደግሞ አድራሻውን ስካተቬርኬት (የግብር መሥሪያ ቤቱ) ላይ ቶሎ አስተካክሉ፤ «ደብዳቤው አልደረሰኝም» የሚል ሰበብ ብዙም አይሰማም።