ሲኒ የሚያንቀጫቅጭ ወለል

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ የድሮ ቤት ነው። «ከአባቴ የወረስኩት ቤት ወለሉ ጣውላ ነው። ሰው ባለፈ ቁጥር ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች ይንቀጫቀጫሉ። አንዱ ግድግዳ ጥግ ደግሞ ሲረግጡት ይሰምጣል። አናጢው ሁሉንም ነቅለህ ሴራሚክ አድርግ አለኝ። ልንቀለው?»

ወንድሜ፣ ቆይ፣ አትንቀለው። መንቀጥቀጥና መስመጥ አንድ አይደሉም። መሃል ላይ የሚነጥር ወለል ብዙ ጊዜ ሞራሌው፣ ማለትም ጣውላውን ከስር የሚሸከመው እንጨት፣ ስለቀጠነ ወይም ስለተራራቀ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጥጉ ነው። የሞራሌው ጫፍ ድንጋዩ ላይ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ድንጋዩ ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን ውሃ ለእንጨቱ ያቀብለዋል።

ዞኮሎውን፣ ማለትም በግድግዳው ግርጌ የተመታውን ጠርዝ፣ አውልቅና ከግድግዳው አጠገብ ሁለት ጣውላ ብቻ አንሳ። ባትሪ ከማብራትህ በፊት አሽትት፤ የሻጋታ ሽታ ካለ እርጥበት አለ። ከዚያ የሞራሌውን ጫፍ በካቻቢቴ ውጋው፣ በተለይ ከስሩ። ጤነኛ እንጨት በቀላሉ አያስገባም፤ ፈልቅቀህ ብታነሳው ስንጥሩ ረዝሞ ይወጣል። የበሰበሰው እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ላዩ ደህና ሆኖ ውስጡ ባዶ የሆነ አለና በመዶሻም አንኳኳው።

በመሠረቱ ድንጋይ ላይ ሽቅብ የሚወጣ፣ እርሳስ የሚያህል የጭቃ መስመር ካየህ ምስጥ ነው። ትንሽ ስበረውና ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሰህ እየው። ከጠገኑት እዚያው አሉ። ካልጠገኑትም አትዘናጋ፣ መንገድ ቀይረው ይሆናል። እንጨቱ ጽድ ከሆነ እድለኛ ነህ፤ ምስጥ እንደ ባሕር ዛፍ አይደፍረውም።

አሁን ወደ ውጭ ውጣ። በመሠረቱ ዙሪያ የአየር ቀዳዳ ነበረ፤ ግቢው ሲሞላ ወይም በስሚንቶ ሲለሰን ተደፍኖ ብዙ ቤት ላይ አግኝቼዋለሁ። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም። ስለዚህ ቀዳዳውን ክፈት፣ አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ አድርግበት። ሴራሚክ ግን ክብደት ይጨምርበታል፣ እርጥበቱንም ያፍነዋል።

የበሰበሰው ጫፉ ብቻ ከሆነ ቁረጠውና ጤነኛ ሞራሌ ጎን ለጎን በቡሎን እሰርለት። አዲሱ ጫፍ ድንጋዩን እንዳይነካ ወፍራም ላስቲክ ጣልበት። ከሁለት ሞራሌ በላይ ከተጎዳ መሃንዲስ ይየው።

ምርመራውን መስከረም ላይ አድርግ፤ እርጥበቱ ራሱ ያሳይሃል። ጥገናውን ለጥር አቆየው። እስከዚያ ግን የሚሰምጠው ጥግ ላይ ቁም ሳጥንም ሆነ ማቀዝቀዣ አታስቀምጥ።