ወረቀቱ በሩ ላይ ሲለጠፍ

ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የውሃ ድርጅት የሂሳብ መስኮት 16 ዓመት ተቀምጫለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው የቱ ጋ ግራ እንደሚገባው ግን አውቃለሁ። የዛሬዎቹ ሦስት ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ውሃ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኦክላንድ አካባቢ በኪራይ ቤት ነው የምንኖረው። ውሃ ኪራዩ ውስጥ ነው። ሰኞ ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ብርቱካንማ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ልጄ አነበበውና «ማሚ፣ ውሃ ሊቆርጡብን ነው» አለኝ። ለካ አከራዩ 1,140 ዶላር አልከፈለም። ስልክ አያነሳም። ዕቁብ ደርሶኛል፣ ከፍዬ ልገላገል? (ስሜ ይቅር)

መልስ፦ እህቴ፣ ዕቁብሽን እንዳትነኪ።

የአከራይሽ ዕዳ የአከራይሽ ነው። ሂሳቡ በአከራይ ስም ከሆነ፣ ድርጅቱ ውሃውን ከመቁረጡ በፊት ውስጥ ለሚኖረው ተከራይም በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ለአፓርታማ ቢያንስ 10 ቀን፣ ለብቻው ለቆመ ቤት ቢያንስ 7 ቀን ቀደም ብሎ። ወረቀቱ ላይ ግን ሰው የማያነበው ሌላ መስመር አለ። የድሮውን ዕዳ ሳትከፍዪ ሂሳቡን ወደ ራስሽ ስም ማዞር ትችያለሽ ይላል። ይህ ቤታችሁ የራሱ ቆጣሪ ካለው ነው። ለመላው ሕንፃ አንድ ቆጣሪ ከሆነ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ጎረቤቶችሽን ይዘሽ ሂጂ።

ስትሄጂ የኪራይ ውልሽን ያዢ። ውል ከሌለሽ (ሐበሻ ለሐበሻ ሲያከራይ ውል የሚባል ነገር እንደሌለ አውቃለሁ) የኪራይ ደረሰኝ ያዢ። ተከራይ መሆንሽ ካልታወቀ ዕዳው አይነሳልሽም። ሂሳቡ በስምሽ ከዞረ በኋላ ለውሃ የምትከፍዪውን ከኪራዩ ላይ መቀነስ ትችያለሽ፤ ውሃው ድሮም ኪራዩ ውስጥ ነበራ። ደረሰኝሽን ብቻ አጠራቅሚ።

አንድ ቀን አንዲት ሴት በፖስታ የታሸገ ጥሬ ገንዘብ ይዛ መጣች። ሃያ ሃያውን እየቆጠረች የአከራይዋን ዕዳ ከፈለች። ከእኔ ቀጥሎ ባለው መስኮት ነበር። ደረሰኙን ከተቀበለች በኋላ በአማርኛ «ግን እኔ መክፈል ነበረብኝ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ምን ልበላት? ገንዘቡ ገብቷል፣ ሂሳቡ በእሷ ስም አይደለም። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

ሂሳቡ በራሳችሁ ስም ለሆነ ሰዎችም ልጨምር። ኤስ ቢ 998 የሚባል የ2018 ሕግ አለ። ሥራ ላይ የዋለው በ2020 ነው። የመኖሪያ ቤት ውሃ ባለመክፈል ምክንያት የሚቆረጠው ሂሳቡ 60 ቀን ካለፈው በኋላ ብቻ ነው፤ ያም 7 የሥራ ቀን ቀደም ብሎ ተነግሮ። ቤት ውስጥ ውሃ ቢቆረጥበት ለሕይወቱ ወይም ለጤናው የሚያሰጋው ሰው ካለ፣ ሐኪሙ ይህን ከጻፈ፣ መክፈል አለመቻላችሁን ካሳያችሁና በየጊዜው ለመክፈል ከተስማማችሁ አይቆረጥም። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። ሜዲካል (የስቴቱ የጤና ድጎማ) ወይም ካልፍሬሽ (የምግብ ድጎማ) ያለው ቤተሰብ ደግሞ ውሃው ተቆርጦ ሲቀጠልለት በሥራ ሰዓት የሚከፍለው ጣሪያ አለው። ሲጀመር 50 ዶላር ነበር፤ ከ2021 ወዲህ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ከፍ ሊል ይችላል። ሕጉ መጀመሪያ ከ200 ደንበኛ በላይ ያላቸውን ድርጅቶች ብቻ ነበር የሚይዘው። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ትንንሾቹም ገብተውበታል።

ይህ ሁሉ ደንብ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምኛና በኮሪያኛ መጻፍ አለበት ይላል ሕጉ። ሌላ ቋንቋ የሚጨመረው ከአካባቢው ሰው 10 በመቶው ሲናገረው ነው። እኛ የትም ቦታ 10 በመቶ አንሞላም። ስለዚህ የልጅሽ እንግሊዝኛ ነው ያለሽ። የመቁረጫውን ቀን ብቻ ሳይሆን ከታች ያሉትን ትንንሽ ፊደሎችም ያንብብልሽ።

ጥያቄ፦ ሳክራሜንቶ አካባቢ ቤት አለኝ፣ ጡረተኛ ነኝ። ስለ ፍሳሽ ዋጋ ጭማሪ «ስብሰባ አለ» የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ጠብ ለማይል ነገር ብዬ ጣልኩት። ጓደኛዬ «አጠፋህ» አለኝ። ለድሃ ቅናሽ አለ የሚሉትስ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጓደኛዎ እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ «ውሃና ፍሳሽ» ብለን አንድ ቤት ነበር የምናውቀው። እዚህ ብዙ ቦታ ሁለት ናቸው፤ የፍሳሹ ክፍያም አንዳንድ ጊዜ ከቤት ግብሩ ጋር ተደብቆ ስለሚመጣ ሰው አያየውም።

የጣሉት ደብዳቤ በ1996 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ካጸደቀው ፕሮፖዚሽን 218 የመጣ ነው። ዋጋ የሚጨምር ድርጅት ከስብሰባው 45 ቀን በፊት ለባለቤቶች መጻፍ አለበት። ከግማሽ በላይ ተቃውሞ በጽሑፍ ከደረሰ ጭማሪው ይቀራል። ለአንድ ይዞታ አንድ ተቃውሞ ነው የሚቆጠረው። ስብሰባው ላይ ተነስቶ መጮህ አይቆጠርም፣ ወረቀት ይጻፉ፦ ስም፣ አድራሻ፣ «እቃወማለሁ»፣ ፊርማ። ዝም ያለ ሁሉ እንደተስማማ ነው የሚታየው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ግማሽ ሲሞላ ያየሁት እምብዛም ነው። ያም ሆኖ በ2024 በወጣ ሌላ ሕግ መሠረት፣ ድርጅቱ ሥርዓቱን ከጠበቀ፣ በጊዜው በጽሑፍ ያልተቃወመ ሰው ኋላ ፍርድ ቤት ሄዶ መክሰስ ይከብደዋል። ስለዚህ ባያሸንፉም ይጻፉ።

ቅናሹን በተመለከተ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ይገለበጣል። ይኸው ፕሮፖዚሽን 218 ድርጅቱ ከአገልግሎቱ ወጪ በላይ እንዳያስከፍል ይከለክላል። ለእርስዎ እንድንቀንስ ከጎረቤትዎ አንጨምርም ማለት ነው። ቅናሽ የሚሰጡ ድርጅቶች ገንዘቡን ከሌላ ቦታ ነው የሚያመጡት። በ2022 ለመላው ስቴት የውሃ ድጎማ የሚያቋቁም ሕግ ምክር ቤቱን አልፎ ነበር፤ አገረ ገዥ ኒውሰም ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አልተገለጸም ብለው ውድቅ አደረጉት። ስቴቱ በ2012 ውሃ የሰው ልጅ መብት ነው ብሎ በሕግ ጽፏል። ቢሉን ግን አልከፈለም። ለማንኛውም ደውለው «ቅናሽ አላችሁ?» ይበሉ። ካልጠየቁ ማንም አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ በአንድ ቀን ሻወር ወስዶ ልብስ ማጠብ በሕግ ተከልክሏል የሚባለው እውነት ነው? (ሳን ሆዜ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ወሬ ከ2018 ጀምሮ አልሞተም። የዚያን ዓመት ሁለት ሕጎች ለቤት ውስጥ ፍጆታ በሰው በቀን 55 ጋሎን መለኪያ አስቀመጡ። ከ2025 ጀምሮ 47 ሆኗል፣ በ2030 ወደ 42 ይወርዳል። መለኪያው ግን የድርጅቱ ጠቅላላ አማካይ ነው እንጂ የአንተ አይደለም። ሻወር ቤትህ ድረስ መጥቶ የሚቆጥር የለም። 47 ጋሎን ዘጠኝ ጀሪካን ገደማ ነው። በፈረቃ ውሃ ላደገ ሰው ዘጠኝ ጀሪካን ለአንድ ሰው ሠርግ ነው።

ቢልህ ካስፈራህ ግን መጀመሪያ ሽንት ቤቱን እይ። ታንኩ ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አድርግና ሳትለቀው 15 ደቂቃ ጠብቅ። ቀለሙ ወደ ሳህኑ ከወረደ ሌት ተቀን እየፈሰሰ ነው። እኔ ቀለም አጥቼ ከጀበናው የተረፈውን ቡና ገለበጥኩበት። ወረደ።